የኮሚክ ድረ ገጽ ለመክፈት፦ የሆስቲንግና የመሣሪያ አመራረጥ

የኮሚክ ድረ ገጽ ለመክፈት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ርካሹ ሆስቲንግ የቱ ነው?» ብሎ ነው፤ ሆስቲንግ ማለት የድረ ገጹን ፋይሎች አስቀምጦ ለአንባቢዎች የሚያቀርብ አገልግሎት ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ነገ ከዚህ አገልግሎት ልውጣ ብል ሥዕሎቼን፣ አድራሻዬንና አንባቢዎቼን ይዤ መውጣት እችላለሁ? የዜና ጽሑፍ ሳምንት ካለፈው ፈላጊው ጥቂት ነው። ኮሚክ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚነበብ ሥራ ስለሆነ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የተሣለው ገጽ ዛሬ ከወጣው እኩል መገኘት አለበት። ብዙ ኮሚኮችን ያስተናግድ የነበረው ስማክ ጂቭስ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተዘግቷል። ሥራው እዚያ ብቻ የነበረ ሠዓሊ ሥዕሎቹን በጊዜ ቢያወርድ እንኳ አንባቢዎች በየቦታው ያስቀመጧቸው ሊንኮች ከጥቅም ውጭ ይሆኑበታል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ይህ እንዳይደርስብዎ ታስበው የተደረደሩ ናቸው። አንዱ ውሳኔ ለሚቀጥለው መሠረት ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ባይዘሉት እመክራለሁ።

1. የኮሚኩን ቅርጽ አስቀድመው ይወስኑ

ኮሚክዎ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ የሚገለጥ ነው ወይስ በስልክ ላይ ከላይ ወደ ታች እየተሳበ የሚነበብ ረጅም ሥዕል? መልሱ መሣሪያውንም ሆስቲንጉንም ይለውጣል። ገጽ በገጽ የሚሄደው ለእያንዳንዱ ሥዕል የራሱ አድራሻና «ቀጣይ» የሚል ቁልፍ ይፈልጋል። ወደ ታች የሚሳበው ደግሞ አንድ ሙሉ ክፍል በአንድ ገጽ ላይ የሚያወጣ ሲሆን፣ ብዙ ሥዕሎች ተደራርበው ያለ ክፍተት መገጣጠም አለባቸው።

ገጽ በገጽ የሚሣል ኮሚክ ለመሥራት ከወሰኑ አንድ ሙከራ አሁኑኑ ያድርጉ። ስፋቱ 1000 ፒክሴል በሆነ ገጽ ላይ 20 ፒክሴል ቁመት ያለው ፊደል ጽፈዋል እንበል። ስልክ ላይ የአሳሹ ስፋት 390 ፒክሴል አካባቢ ስለሆነ ያ ፊደል ወደ 8 ፒክሴል ገደማ ይወርዳል፤ አንባቢው በጣቱ ካላሰፋው አይነበብም። ይህን የሚያስተካክል ሆስቲንግም ፕለጊንም (በድረ ገጽ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) የለም። መፍትሔው ከሥዕሉ ጠረጴዛ ነው የሚጀምረው፦ በንግግር ፊኛው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ያሳጥሩ፣ ፊደሉን ያተልቁ።

2. ክብደቱን ያስሉ

ሆስቲንግ ሲመርጡ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጉዎታል፦ ፋይሎቹ የሚይዙት ቦታ እና በወር ወደ አንባቢዎች የሚተላለፈው ዳታ። የመጀመሪያው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ገጽ 500 ኪሎባይት ቢሆን 200 ገጾች 100 ሜጋባይት ይይዛሉ። ሠዓሊዎችን የሚያስደነግጠው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ኮሚኩን ዛሬ ያገኘ አዲስ አንባቢ አንድ ገጽ አይቶ አይሄድም፣ ከወደደው ሁሉንም በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለ አንድ አንባቢ 100 ሜጋባይት ይወስዳል፤ አንድ ሺህ ቢመጡ 100 ጊጋባይት ነው። ያው ገጽ ሳይጨመቅ 2 ሜጋባይት ቢሆን ኖሮ ያንኑ 100 ጊጋባይት ለመጨረስ 250 አንባቢዎች ይበቃሉ።

ይህን ስሌት በእጅዎ ይዘው የነፃ አገልግሎቶችን ገደብ ያንብቡ። ጊትሃብ ፔጅስ ለአንድ ድረ ገጽ 1 ጊጋባይት ቦታና በወር 100 ጊጋባይት ዝውውር ብሎ ገደብ ያስቀምጣል። ክላውድፍሌር ፔጅስ በነፃው ዕቅዱ የሚቆጥረው የፋይሎችን ብዛት ሲሆን ገደቡ 20,000 ፋይል ነው፤ አንዱም ፋይል ከ25 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። ለጀማሪ ኮሚክ ሁለቱም ሰፊ ናቸው። ሥዕሉ በአግባቡ ከተጨመቀ ለዓመታት ክፍያ ላያስፈልግ ይችላል።

3. የዶሜይን ስም ይግዙ፣ ከሆስቲንጉ ለይተው

በዚህ ደረጃ ላይ ጠንከር ማለት እፈልጋለሁ። ሌላው ሁሉ ነፃ ይሁን፤ የዶሜይን ስም፣ ማለትም አንባቢ ወደ ድረ ገጹ የሚገባበት አድራሻ፣ ግን በራስዎ ስም፣ በራስዎ ገንዘብ የተገዛ ይሁን። በሌላ ድርጅት ስም ሥር የሚሰጥ ነፃ አድራሻ እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ሲወጡ ቁልፉን መልሰው ነው የሚወጡት። የራስዎ ዶሜይን ካለዎት ግን ሆስቲንጉን አሥር ጊዜ ቢቀይሩ አንባቢው ልዩነቱን አያውቅም።

ዶሜይኑን ከሆስቲንግ ድርጅቱ ውጭ በሆነ መዝጋቢ (የዶሜይን ስም የሚሸጥ ድርጅት) ዘንድ ያስመዝግቡ። ብዙ የሆስቲንግ ድርጅቶች «የመጀመሪያ ዓመት ዶሜይን በነፃ» ይላሉ። ስጦታው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ከድርጅቱ ጋር ክርክር የተነሣ ዕለት አድራሻዎም ፋይልዎም በአንድ እጅ ተይዘው ይገኛሉ። ዶሜይን በተመዘገበ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ወደ ሌላ መዝጋቢ ማዛወር በአብዛኛው እንደማይቻልም ይወቁ፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ለመቆየት በሚመችዎት ዘንድ ይመዝገቡ።

ስሙ በስልክ ሲነገር ያለ ማብራሪያ የሚጻፍ ይሁን። የዕድሳቱን ዋጋ ከመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ለይተው ይመልከቱ፤ አንዳንዴ በእጥፍ ይበልጣል። ራሱን በራሱ የሚያድስበትን ምርጫ ያብሩ፣ የግል መረጃዎን የሚሸፍነውንም እንዲሁ። በመዝጋቢው ዘንድ የሚሰጡት ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተ አይሁን፤ ዶሜይኑ ቢቋረጥ ማስጠንቀቂያው የሚላከው አብሮ ወደ ጠፋው ሳጥን ይሆናልና።

4. የሆስቲንግ ዓይነት ይምረጡ

ምርጫዎቹ አራት ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም።

የመጀመሪያው የኮሚክ መድረክ ነው፦ ዌብቱን፣ ታፓስ፣ ኮሚክፉሪ የመሳሰሉት። ከፍተው ሥዕል መጫን ብቻ ነው፣ አንባቢም እዚያው አለ። በዌብቱን ዘንድ የተለመደው የሥዕል ስፋት 800 ፒክሴል ነው፤ አቀራረቡ የእነሱ ነው፣ እርስዎ አይለውጡትም። ኮሚክፉሪ በዚህ በኩል ለቀቅ ያለ ነው፤ የገጹን ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ፣ ማለትም መዋቅሩንና መልኩን የሚወስነውን ኮድ፣ እንዲያስተካክሉ ይፈቅዳል። መድረክን አንባቢ ማግኛ ሁለተኛ መስኮት አድርጎ መጠቀም ጥሩ ነው፤ ብቸኛው ማደሪያ ማድረጉን ግን አልመክርም።

ሁለተኛው የስታቲክ ሆስቲንግ ነው። ሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሎቹ ያሉበት ኮምፒውተር፣ የተዘጋጁ ፋይሎችን ከማቀበል ሌላ ሥራ የለውም። ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የለም፣ የሚሰበር የመግቢያ ገጽ የለም፣ በየሳምንቱ የሚታደስ ፕለጊን የለም። ጊትሃብ ፔጅስ፣ ክላውድፍሌር ፔጅስና ኒዮሲቲስ ከዚህ ወገን ናቸው። ኮሚክ በተፈጥሮው ሥዕልና ቁልፍ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ የሚስማማው የለም ብዬ አምናለሁ። ትንሽ ትዕግሥትና አዲስ ነገር የመማር ፍላጎት ካለዎት ይህን ይምረጡ።

ሦስተኛው የጋራ ሆስቲንግ ነው፦ በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ደንበኞች የሚካፈሉት፣ ዎርድፕረስ የተባለው ድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም በአንድ ጠቅታ የሚጫንበት። ከኮድ ጋር መታገል ለማይፈልግ ሰው ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ከመክፈልዎ በፊት ግን ውሉን ያንብቡ። «ያልተገደበ» የሚለው ቃል ከፊት ለፊት በትልቁ ሲጻፍ የአጠቃቀም ደንቡ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ የፋይል ብዛት ገደብ ያስቀምጣል። ይህ ገደብ ለኮሚክ ከባድ ነው፤ ዎርድፕረስ የሚጫነውን እያንዳንዱን ሥዕል በተለያየ መጠን ስለሚያባዛው 200 ሥዕሎች በቀላሉ ከሺህ ፋይል ያልፋሉ። ድርጅቱን ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ በኤስኤፍቲፒ (ፋይል በደኅና ማስተላለፊያ መንገድ) ገብቼ ፋይሎቼን በሙሉ ማውረድ እችላለሁ? የሌትስ ኢንክሪፕት ነፃ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ትሰጣላችሁ? መጠባበቂያ ቅጂ በየስንት ቀኑ ትይዛላችሁ፣ እኔስ ራሴ ማውረድ እችላለሁ? ጥያቄዎቹን ከመክፈልዎ በፊት ለደንበኞች አገልግሎት ይላኩና የመልሱን ፍጥነትና ጥራት ይመልከቱ። ገና ደንበኛ ሊያደርጉዎት በሚፈልጉበት ሰዓት የሚያንቀላፉ ከሆነ ከከፈሉ በኋላ አይነቁም። ኮሚክዎ ደም፣ ጦርነት ወይም ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆን ይዘት ካለው የይዘት ደንባቸውንም አሁን ያንብቡ፤ መቶኛው ገጽ ላይ ከመታገድ ይሻላል።

አራተኛው፣ ቪፒኤስ የሚባለው፣ ሰርቨሩን ራስዎ የሚያስተዳድሩበት ነው። ለአንድ ሠዓሊ አያስፈልግም። የደኅንነት ጥገናው የሚበላው ጊዜ ከሥዕሉ ጊዜ ላይ የሚቀነስ ነው።

5. ድረ ገጹን የሚሠሩበትን መሣሪያ ይምረጡ

በጋራ ሆስቲንግ ላይ ከሆኑ መሣሪያው ዎርድፕረስ ነው። ራሱን ዎርድፕረስን ለኮሚክ የሚያዘጋጁ ገጽታዎችና ፕለጊኖች አሉ። ኮሚክፕረስ እና ኮሚክ ኢዝል ለረጅም ዓመታት ሠዓሊዎች የሚያውቋቸው ናቸው፤ ቱቼኬ ደግሞ ገጽ በገጽ ለሚገለጠውም ወደ ታች ለሚሳበውም የሚሆን ገጽታ ነው። ከመጫንዎ በፊት የፕለጊኑ ገጽ ላይ «ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው» የሚለውን ቀን ይመልከቱ። ለዓመታት ያልተነካ ፕለጊን ዛሬ ቢሠራም ዎርድፕረስ በታደሰ ማግስት ሊሰበር ይችላል፣ ለሰርጎ ገቦችም በር ነው። እንዲህ ያሉ ፕለጊኖች ኮሚኩን በራሳቸው የይዘት ዓይነት ሥር ስለሚያስቀምጡት ፕለጊኑ ሲጠፋ ገጾቹ በዳታቤዙ ውስጥ ቢኖሩም ከዕይታ ይሰወራሉ። ስለዚህ ሦስት የሙከራ ገጾች ጭነው በዎርድፕረስ የመላኪያ መሣሪያ ያውጧቸውና የወጣው ፋይል ውስጥ በእርግጥ መኖራቸውን ያረጋግጡ።

ዎርድፕረስ ላይ ረጅም ሥዕል የሚጭኑ ሰዎች የሚገጥማቸው አንድ ጣጣ አለ። ከ5.3 ዕትም ጀምሮ ዎርድፕረስ ቁመቱ ወይም ስፋቱ ከ2560 ፒክሴል የሚበልጥን የጄፔግ ሥዕል በራሱ ያሳንሳል። 800 በ10,000 የሆነ ረጅም ሥዕል ሲጭኑ ቁመቱ ወደ 2560 ሲወርድ ስፋቱ አብሮ ወደ 205 ይወርዳል፤ አንባቢው የሚያየው የደበዘዘ ክር ነው። ሠዓሊው ጥፋቱን በሆስቲንጉ ያላክካል፣ ሆስቲንጉ ግን ምንም አላደረገም። መፍትሔው ሥዕሉን 800 በ1280 በሆኑ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ መጫን ነው። ሲቆርጡ በንግግር ፊኛ ወይም በፊት መሐል ሳይሆን በሁለት ክፈፎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይቁረጡ።

የስታቲክ ሆስቲንግ የመረጡ ድረ ገጽ ገንቢ ፕሮግራም ይጠቀማሉ፦ ሁጎን፣ ጄኪልን ወይም ኢለቨንቲን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ይጽፋሉ፤ በውስጡ ርዕሱ፣ ቀኑ፣ የምዕራፉ ቁጥር፣ የሥዕሉ ፋይል ስምና የሥዕሉ ገለጻ ይገባሉ። ፕሮግራሙ እነዚህን ፋይሎች አንብቦ ቁልፎቹን፣ የማውጫ ገጹን፣ የአርኤስኤስ ምግቡን (አዲስ ገጽ መውጣቱን ለአንባቢው ፕሮግራም የሚያሳውቅ ፋይል) ሁሉ በአንዴ ይሠራዋል። መላው ድረ ገጽ በኮምፒውተርዎ ላይ ያለ አንድ አቃፊ ስለሆነ ሆስቲንግ መቀየር ማለት ያንን አቃፊ ሌላ ቦታ መጫን ብቻ ነው። በዚህ ረገድ የሚወዳደረው የለም። ጉድለቱ ሰዓት አለማወቁ ነው። ዎርድፕረስ ላይ «ዓርብ ጠዋት ይውጣ» ብለው ቀጠሮ ማስያዝ ይችላሉ፤ ስታቲክ ድረ ገጽ ግን እንደገና ካልተገነባ አዲስ ገጽ አያወጣም። ሥራን በቀጠሮ በሚያከናውነው የጊትሃብ አገልግሎት፣ በጊትሃብ አክሽንስ፣ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ራሱን እንዲገነባ ቢያዝዙት፣ ሁጎ የወደፊት ቀን የተጻፈባቸውን ገጾች ቀናቸው እስኪደርስ ስለሚይዛቸው ችግሩ ይፈታል።

በመጎተትና በመጣል የሚሠሩ እንደ ዊክስ ያሉ አገልግሎቶች ውብ ገጽ በፍጥነት ይሰጣሉ። ሆኖም ዊክስ ላይ የተሠራ ድረ ገጽ ወደ ሌላ ሰርቨር ተወስዶ አይሠራም። የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን አይመልስም፤ ለእኔ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

6. ሥዕሎቹን ያዘጋጁ

ሁልጊዜ ሁለት ቅጂ ይኑርዎት። ዋናው ቅጂ በትልቁ የተሣለ፣ ሽፋኖቹ (ሌየሮቹ) ያልተዋሐዱ፣ ለኅትመት የሚበቃ ይሁን፦ ለጥቁርና ነጭ መስመር ሥዕል በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ለባለ ቀለሙ 300። ለድረ ገጹ የሚወጣው ከዚህ የተቀነሰ ሌላ ፋይል ነው። ለድረ ገጽ በሚሆን መጠን ብቻ የሣለ ሰው ኋላ መጽሐፍ ላሳትም ሲል እንደገና መሣል ይጠብቀዋል።

የፋይሉን ዓይነት እንደ ሥዕሉ ጠባይ ይምረጡ። ጥርት ያለ መስመርና ጥቂት ቀለም ላለው ሥዕል ፒኤንጂ ይመረጣል፤ የቀለሞቹን ብዛት ከቀነሱለት በጣም ይቀላል። ጄፔግ በእንዲህ ያለ ሥዕል ላይ በጥቁሩ መስመር ዙሪያ ግራጫ ነጠብጣብ ይተዋል፣ በተለይ በፊደላት ዳር። በቀለም የተዋሐደና ጥላ የበዛበት ሥዕል ግን በጄፔግ ወይም በዌብፒ ያምራል። ዌብፒ በአብዛኛው ከሁለቱም ይቀላል፤ ነገር ግን ከ16,383 ፒክሴል የሚረዝም ሥዕል አይቀበልም። ስኩሽ የተባለው ነፃ መሣሪያ ዋናውንና የተጨመቀውን ጎን ለጎን እያሳየ ክብደታቸውን ስለሚነግርዎ የትኛው እንደሚሻል በዓይንዎ ይፈርዳሉ። የቀለም ስልቱን ለስክሪን የሚሆነው ኤስአርጂቢ ማድረግዎን አይርሱ። ለኅትመት የሚሆነው ሲኤምዋይኬ በአሳሽ ላይ ቀለሙ ሊዛባ ይችላል።

የፋይል ስም አሰጣጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሦስት መቶኛው ገጽ ላይ ግን ዋጋው ይታወቃል። የምዕራፍና የገጽ ቁጥሩን በዜሮ አስቀድመው ይጻፉ፦ ምዕራፍ 02፣ ገጽ 014። «14» ብቻ ካሉ ኮምፒውተሩ 100ን ከ14 በፊት ሊደረድረው ይችላል። ክፍት ቦታ አያስገቡ። በላቲን ፊደል ሲጽፉ ሁሉንም በትንሹ ፊደል ያድርጉ፤ በዊንዶውስ ላይ ትልቁና ትንሹ ፊደል አንድ ሲሆን በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ግን የተለያየ ስለሆነ ቤት ውስጥ የታየው ሥዕል ሰርቨር ላይ ሊጠፋ ይችላል። በአድራሻው ውስጥ የግዕዝ ፊደል መጠቀምም ይቻላል፣ ነገር ግን ሊንኩ ሲቀዳ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ሊለወጥ ስለሚችል አጭር ርዕስ ሳይቀር መስመር ይሞላል።

ለእያንዳንዱ ሥዕል የጽሑፍ ገለጻ ይጻፉ፤ ቢቻል በፊኛዎቹ ውስጥ ያለውን ንግግር ሙሉ በሙሉ ከሥር ያስቀምጡ። ዓይነ ስውር አንባቢ በስክሪን አንባቢ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። የፍለጋ ሞተሮችም ኮሚኩን የሚያውቁት በአብዛኛው በዚህ ጽሑፍ ነው።

7. የአንባቢውን መንገድ ይሥሩ

አራት ቁልፎች ይበቃሉ፦ የመጀመሪያው፣ ቀዳሚ፣ ቀጣይ፣ የቅርቡ። ቦታቸው ከሥዕሉ ሥር ይሁን፤ አንባቢው ገጹን ጨርሶ የሚገኘው እዚያ ነውና። ሥዕሉ ራሱ ሲነካ ወደ ቀጣዩ እንዲወስድ፣ በኮምፒውተር ላይ ደግሞ የቀስት ቁልፎች እንዲሠሩ ያድርጉ። በኮዱ ውስጥ የሥዕሉ ስፋትና ቁመት መጻፉን ያረጋግጡ፤ ካልተጻፈ ሥዕሉ ሲደርስ ገጹ ወደ ታች ይገፋና አንባቢው «ቀጣይ» ሊል ሌላ ነገር ይነካል።

መነሻ ገጹ ላይ ምን ይውጣ? እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚያስቅ አጭር ኮሚክ ከሆነ የቅርቡን ገጽ ያውጡ። ተከታታይ ታሪክ ከሆነ ግን አዲስ መጤ 187ኛው ገጽ ላይ ወድቆ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ሳይገባው ይሄዳል። ለእሱ አጭር መግለጫና «ከዚህ ይጀምሩ» የሚል ጉልህ ቁልፍ ያስቀምጡ፤ የነባሩን አንባቢ የቅርቡን ገጽ ከጎኑ ያድርጉለት። ማውጫውን በቀን ሳይሆን በምዕራፍ ይደርድሩ።

የአርኤስኤስ ምግብ ይኑር፤ ማንም መድረክ ሳይፈቅድላቸው አዲስ ገጽ የሚደርሳቸው አንባቢዎች አሁንም አሉ። አንዳንድ የዎርድፕረስ የኮሚክ ፕለጊኖች ኮሚኩን ከዋናው ምግብ ሊያስቀሩት ስለሚችሉ ከፍተው ይዩት።

8. መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ፣ መልሰውም ይሞክሩት

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ዎርድፕረስ ከሆነ ዳታቤዙም የሥዕሎቹ አቃፊም ሁለቱም ይቀዱ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይረባም። ቅጂው ተመልሶ መነሣቱን በሌላ ቦታ ጭነው ሳያዩ እምነት አይጣሉበት።

9. ይክፈቱት

ቢያንስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሳይኖር አይክፈቱ፤ አንድ ገጽ ብቻ ያገኘ አንባቢ የሚመለስበት ምክንያት የለውም። ከመክፈትዎ በፊት ኮሚኩን አይቶ የማያውቅ ሰው በራሱ ስልክ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ያድርጉ፣ እርስዎም ዝም ብለው ጣቱን ይመልከቱ። የቆመበትና ወደ ኋላ የተመለሰበት ቦታ ሁሉ የሚስተካከል ነገር አለው። በአሳሽዎ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ ኔትወርኩን ሆን ብለው ያዘግዩና በደካማ ግንኙነት እንዴት እንደሚከፈት ይዩ።

ድረ ገጹ ሲረጋጋ መድረኮቹን ይጨምሩ። አዲሱን ክፍል መጀመሪያ በራስዎ ድረ ገጽ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በዌብቱንና በታፓስ ያውጡ፤ ከክፍሉ መጨረሻ ላይም ቀጣዩ አስቀድሞ የት እንደሚገኝ ይጻፉ። ከመጫንዎ በፊት የመብት አንቀጾቹን ያንብቡ፤ በተለይ ሽልማት ወይም ውድድር ያለበት ጊዜ የሚጠየቀው ፈቃድ ከወትሮው ሊሰፋ ይችላል። ሆስቲንግ የሚቀይሩበት ቀን ሲመጣ የገጾቹን አድራሻ እንደነበሩ ያቆዩ፤ የግድ ከተለወጡ ከእያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ ወደ አዲሱ ቋሚ ማዞሪያ፣ 301 የሚባለውን፣ ያኑሩ። የአሮጌውን ሆስቲንግ ውል ደግሞ አዲሱ ሙሉ በሙሉ መሥራቱን ካዩ ከአንድ ወር በኋላ ያቋርጡ።